የቤዝቦሉ ካሳ

ዝናብ ሊመጣ ሲል የግራ ጎኔ ቀድሞ ያውቃል። ዛሬም ጠዋት ያ የቦርከና ወንዝ ሽታ፣ የረጠበ ጭቃና የከብት ሽታ፣ ወደ ከሚሴ ሲወጣ ጎኔን ወጋ አደረገኝ። ሐኪሙ ብርድ ነው ይላል። ብርድ አይደለም፤ ኳስ ነው። ኳስ ስልህ የእግር ኳስ እንዳይመስልህ፤ ቤዝቦል የሚሉት ነው፣ ኳሷ ጡጫ የምታህል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረች።

ያኔ ጉልበቴ አልከዳኝም ነበር። እኔና የአጎቴ ልጅ ጨፋ ሜዳ ላይ ማሽላ ስንጠብቅ በወንጭፍ የምንወረውረውን ያየ አንድ የስፖርት አስተማሪ ለብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነገረብን። አሠልጣኙ አዲስ አበባ ወሰደን፤ ወንጭፉን አስጥሎ በእጅ አስወረወረን፣ ዱላም አስያዘን። ጨዋታው ግን አልገባኝም። በዱላ ትመታለህ፣ ከዚያ ዱላህን ጥለህ በሦስት ማረፊያ ዞረህ መነሻህ ልትገባ ትሮጣለህ። ዱላውን ጥሎ የሚሮጥ ወንድ እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። አሠልጣኙን ብጠይቀው፣ ዝም ብለህ ሩጥ አለኝ።

የአጎቴ ልጅ ወዲያው ገባው። እሱ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ የአገር ማሊያ ለብሶ፣ አንዲት ጨዋታ እንኳ አሸንፎ ከሚሴ መግባት። እርሻ ጥሎ ለጨዋታ የሄደ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ብለው አባቱ አስጠንቅቀውት ነበር።

የአፍሪካው ውድድር ሰው አገር ተደረገ። በየጨዋታው ተሸነፍን። በመጨረሻው ቀን ግን ከባለአገሮቹ ጋር እኩል ሆንን። የመጨረሻው ተራ የእኛ ነው፤ ሦስቱም ማረፊያ ላይ የእኛ ሰው ቆሟል። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ፣ መግቢያው ደጃፍ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው፤ እሱ ከገባ አሸነፍን። የምመታው እኔ ነኝ። ወርዋሪያቸው ደግሞ ጠዋት ለሶላት ውዱ ስናደርግ ቧንቧው ላይ ሰላም የተባባልነው ረጅም ልጅ ነው።

ወረወረ። ኳሷ ጎኔን አገኘችው። ትንፋሼ ጠፋ፤ ፀሐይ የጠበሰው ሣር ከነሽታው አፌ ውስጥ ገባ።

ተነሣሁና ወደ ልጁ ሄድኩ። ለድብድብ የሄድኩ መስሏቸው የሁለቱም ወገን ሰው ከየቦታው ተንጋጋ። እኔ እጁን ያዝኩና፣ አፉ ብዬሃለሁ፣ ሳታውቅ ነው አልኩት። አማርኛ ከየት ያውቃል፤ ግን ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እጄንም አልለቅም አለ። ተመልሼ ዱላዬን አነሣሁ።

ዳኛው ዱላህን ጥለህ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሂድ ብሎ ጠቆመኝ። ግራ ገባኝ፤ ምን መታሁና ነው የምሄደው? አሠልጣኙ እየሮጠ መጣ።

«ሂድ እንጂ ሰውዬ። ኳሷ ስለመታችህ የተሰጠህ ነው። አንተ ስትሄድ ሁሉም አንድ አንድ ይገፋል፣ የአጎትህ ልጅ ይገባል፣ አለቀ።»

«ካሳ ነው?»

«አዎ፣ ካሳ በለው።»

«አፉ ብያለሁ። አፉ ካልኩ በኋላ ካሳ አልበላም።»

እኛ አገር ካሳ የሚፈልግ አስቀድሞ በሽማግሌ ይጠይቃል። አንዴ አፉ ካለ ግን አለቀ፤ ሁለቱንም የበላ ከሰው አይቆጠርም። አሠልጣኙ ለመነኝ፣ ሰደበኝ። የአጎቴ ልጅ ከደጃፉ ሆኖ በኦሮምኛም በአማርኛም «ዴሚ፣ ሂድ በአላህ» አለኝ አንዴ። ከዚያ ፊቴን አየና ተወኝ። እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው።

ዳኛው ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ እጁን አነሣ፤ ወጥተሃል፣ ከጨዋታ ውጭ ነህ ማለቱ ነው። ቀድሞ ሁለት ሰው ወጥቶብን ስለነበር በሦስተኛው ተራችን አበቃ። ጨዋታው ሲቀጥል ባለአገሮቹ አገቡ፤ እኛ በተራችን ሳናገባ ቀረንና ተሸነፍን። የመታ አሸነፈ፣ የተመታ ተቀጣ። የቱ ጥፋት የማን እንደሆነ እስከዛሬ አልለየልኝም።

ከሚሴ ስንደርስ አጎቴ መናኸሪያው ቆመው ነበር። አሸነፋችሁ ወይ ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ዳኛው ጨዋታውን አያውቀውም ነበር፣ አባ።»

የሰው አገር ዳኛ እንዲህ ነው አሉና ሻንጣውን ከእጁ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ያንን ነገር አንድም ቀን አላነሣብኝም።

የአጎቴን ልጅ አምና ቀበርነው፣ ጨፋ። አሁን ከሚሴ ውስጥ ያንን ጨዋታ የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። እኔም አላውቀውም።