በወንድሜ ላይ የተጻፈው ቃል

የካምፎር ሽታ እስከ ዛሬ ያስቆጣኛል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ጉንፋን ይዟት ደረቷን በካምፎር ዘይት አሽታ ወደ እኔ ብቅ አለች። ገና ከበሩ ሳታልፍ ፊቴ መጥቆሩን አይታ፣ “ምን አጠፋሁ?” አለችኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። ሽታው የአንድ ሰው ሽታ ነው፤ በአስራ ስድስት ዓመቴ ከልቤ የጠላሁት ሰው።

ያኔ አዳማ ገና ናዝሬት አልተባለችም። በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ቀጥሎ የሣር ጎጆዎች፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ብቻ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ምድሩ ቀድሞ ይንቀጠቀጥና የጭሱ ሽታ ከተሰጣ ልብስ ላይ ሳምንት አይለቅም። አባቴ የጣቢያው መጋዘን ኃላፊ ነበር። ፈረንሳይኛ ከነጮቹ አፍ ለቃቅሟል። ከዓደን የሚመጣው ዕቃ ላይ ግን የሚጻፈው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ “የነገው እንጀራ በዚህ ቋንቋ ነው” እያለ ለታላቅ ወንድሜ መምህር ቀጠረለት። ለእኔ አይደለም፤ ለወንድሜ።

መምህሩ ሐረር በኩል በካቶሊክ ሚሲዮን ያደገ፣ ለቅስና ሲዘጋጅ ላቲን የተማረ፣ ሳይቀስስ የወጣ ሰው ነበር። ከዚያ ዓደን ተሻግሮ ለእንግሊዞች ሠርቷል። ቀጭን ነው፤ ሳል አይለቀውም፤ ካምፎር ካልተቀባ አይተኛም። አባቴ የእናቴን ክፍል ሰጠው። እናቴ ካረፈች ሰባት ወሯ ነበር። ልብሷን ከሳጥኗ አውጥተን እሱ መጻሕፍቱን ከተተበት። ጠላትነታችን ከዚያች ቀን ይጀምራል።

ትምህርቱ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ነበር። እኔ ጥጥ እየፈተልኩ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። መምህሩ አንድ ቃል ሰሌዳው ላይ ከጻፈ እንደ ሽንብራ እሸት ፈልፍሎ ውስጡን ሳያሳይ አያልፍም። አንድ ቀን “ሆስታይል” ብሎ ጻፈ።

“ጠላትነት ያለው ማለት ነው” አለ። “ሥሩ ላቲን ነው፤ ሆስቲስ። ሆስቲስ ጥንት ባዕድ፣ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ማለት ነበር። ዘመን ሲያልፍ ጠላት ማለት ሆነ።”

እኔ እንዝርቴን ሳላቆም፣ “ገብቶኛል፤ እንደ እርስዎ ማለት ነው” አልኩ።

ወንድሜ ሳቁን ለመዋጥ አጎነበሰ። መምህሩ አልሳቀም። ሰሌዳውን በእጅጌው ጠርጎ ሌላ ቃል ጻፈ።

“ኦብዱሬት። ዱሩስ በላቲን ጠንካራ ማለት ነው። ኦብዱሬት ልቡ የደረቀ፣ ምክር የማይገባው ሰው ነው። ይህ ደግሞ አንቺ ነሽ።”

ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሲጠማው “ኦብዱሬት፣ ውሃ” ይለኛል። እኔም ዝቃጩ እንዲደርሰው እንስራውን ከሥር አማስዬ እቀዳለታለሁ። ጠጥቶ አፉን ይጠርጋል፤ አንድም ቀን ለአባቴ ከስሶኝ አያውቅም። ያ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

ቃላቱ ግን ከወንድሜ ይልቅ ለእኔ ይገቡኝ ነበር። ፊደሉን ከሰሌዳው ለቀምኩ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ በባቡር መጣ። ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሊወርድ ኦሮምኛም አማርኛም ጥቂት እንግሊዝኛም የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ወንድሜን ወሰደው። ወንድሜ ከሦስት ወር በኋላ ከስቶ፣ ቆዳው በፀሐይ ተልጦ ተመለሰ። አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። እንግሊዙ ስለ እሱ የጻፈለት ነው። በዚያ ሰሞን ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያለው ህንዱ ነጋዴ ለመጋዘኑ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ይፈልግ ነበርና አባቴ በወረቀቱ ትልቅ ተስፋ አደረገ።

ወንድሜ ወረቀቱን መጀመሪያ ለመምህሩ ሰጠው። ከግራሩ ሥር ብዙ ሰዓት ሲነጋገሩ ከሩቅ አየኋቸው። ወንድሜ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል፤ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አመሻሹ ላይ መምህሩ ወረቀቱን ለአባቴ አነበበለት። አንድ ቃል ላይ ሲደርስ አሳለው።

“ኢግሪጂየስ ይላል። ግሬክስ በላቲን መንጋ ነው። ኢግሪጂየስ ከመንጋው ተለይቶ የወጣ፣ ከሌላው የላቀ ማለት ነው። ጠባዩን እንዲህ ሆኖ አገኘሁት ይላል።”

አባቴ ከደስታው ብዛት ተነስቶ ወንድሜን ግንባሩን ሳመው። ለእሑድ በግ ይታረድ፣ ህንዱም ይጠራ፣ ሁሉም በጆሮው ይስማ አለ። መምህሩ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “ድግሱ እንኳ አያስፈልግም ነበር” አለ። ያችን ንግግር ያዝኳት። ሰውየው አንድ ነገር ደብቋል አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ ከሰዓት መምህሩ ወደ ህንዱ ሱቅ ወጣ። እኔ ከወጣ በኋላ የእናቴን ሳጥን ከፈትኩ። መዝገበ ቃላቱ ከመጻሕፍቱ ሁሉ በታች ነበር፤ ካምፎር ካምፎር ይላል። በጣቴ ፊደል እየቆጠርኩ ቃሉን አገኘሁት። ጥንት በጎ ማለት እንደነበረ ጽፏል። ዛሬ ግን በክፋቱ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ የሚታይ ማለት ነው ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልቤ በደስታ መታ። ይህን አልሸሽግም። ወንድሜን አላሰብኩትም። ያሰብኩት የዚያን ሰው ፊት ነው።

ለወንድሜ በጓዳ ልነግረው እችል ነበር። ለአባቴም እችል ነበር። እሑድን ጠበቅኩ።

እንግዶቹ በልተው እጃቸውን እያስታጠብኩ ሳለ አባቴ መምህሩን እንዲያነብ ጋበዘው። ያ ቃል ላይ ሲደርስ ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

“መምህር፣ የዛሬውን ትርጉም ለምን ይደብቃሉ?” አልኩ።

“ምንድነው የምትለው?” አለ አባቴ።

“ከመንጋው የወጣ የድሮው ነው፣ አባባ። ዛሬ በክፋቱ ከሰው ሁሉ የባሰ ማለት ነው። መጽሐፋቸው ላይ አይቻለሁ።”

አባቴ ወረቀቱን ከመምህሩ እጅ ነጥቆ ለህንዱ ሰጠው። ህንዱ ወረቀቱን አየ፤ መምህሩን አየ፤ በተሰባበረ አማርኛው “ሁለቱም አለ” አለ።

“ዛሬስ?”

“ዛሬ… ልጅቱ ያለችው።”

አባቴ መምህሩን፣ “በእህሌ እየኖርክ በልጄ ቀለድክ። ነገ ባቡር አለ” አለው። መምህሩ ወደ ክፍሉ ሊገባ ዞረ። ወንድሜ ደግሞ ወደ መምህሩም ወደ አባቴም አላየም። እኔን ብቻ ነው ያየኝ። ከዚያ ዱላውን አንስቶ በእንግዶቹ መሀል አልፎ ወጣ። አቧራውን አቋርጦ ወደ አዋሽ ሲሄድ በበሩ አየሁት፤ ይመለሳል ብዬ አልጠራሁትም።

በማግስቱ ጣቢያ ሄድኩ። መምህሩ ሲባረር አይቼ ልደሰት ነው የሄድኩት። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ እያሳለ አገኘሁት።

“ትርጉሙን አልሳትሽም” አለኝ። “ወንድምሽ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈበት ግን አታውቂም።”

“ምን አድርጎ ነው?”

“እንግሊዙ አንዱን ተሸካሚ በአለንጋ ሲገርፍ ወንድምሽ አለንጋውን ነጥቆ ሐይቅ ውስጥ ጣለበት። ሰውየው በዛሬው ቋንቋ ጻፈ፤ እኔ በድሮው አነበብኩ። ቅዳሜ ህንዱን አነጋግሬው ነበር። ሁሉን ሰምቶ ሥራውን ሊሰጠው እሺ ብሎኛል። ይህ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከተባለ በኋላ ግን ህንዱስ ምን ያድርግ?”

“ለምን አልነገሩኝም?”

“አንቺ ምን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?”

ባቡሩ መጣ። ደህና ሁኚ አላለኝም። እኔም ሻንጣውን አላነሳሁለትም።

ለአባቴ በዚያው ቀን ነገርኩት። አልቆጣኝም፤ ብዙ ጊዜ ግን ከእጄ እህል አልቀበልም አለ። ወንድሜን በየገበያው አስጠየቅን። አቦምሳ ገብቶ፣ መሬት ይዞ፣ አግብቶ እንደሚኖር የሰማነው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በበቅሎ ሄድኩ። ሚስቱ “አካም ጅርታ?” ብላ ተቀብላ ወተት ሰጠችኝ። እሱ ጓሮ ተቀምጦ በቆሎ ይፈለፍል ነበር።

“ወንድም ጋሼ” ብዬ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቅዳሜውን፣ መጽሐፉን፣ ጣቢያውን። እጁ አላቆመም።

“መምህሩ የት ደረሰ?” አለኝ በመጨረሻ።

“አላውቅም። ድሬዳዋ ሞተ የሚሉ አሉ።”

ያኔ እጁ ቆመ። “ነገሩን ከሥሩ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር” አለ። ቀና ብሎ አየኝና፣ “ይህን አራት ዓመት ሙሉ ይዘሽው ኖርሽ?” አለኝ። ካጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝና ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረን ፈለፈልን።

በዓመቱ ጦርነት መጣ። ወንድሜ ከዘማቾቹ ጋር ሄዶ በዚያው ቀረ። ለእኔ የተረፈኝ አቦምሳ የተለያየንበት ጠዋት ነው። ከቤቱ በታች ያለው ወንዝ ሞልቶ ስለነበር የበቅሎዬን ልጓም ይዞ እስከ ወገቡ ገብቶ አሻገረኝና ተመልሶ ተሻገረ። ዘወር ብዬ ሳየው ከማዶ ቆሞ ልብሱን ይጨምቃል። እጄን አነሳሁለት። እሱም አነሳ፤ ከክንዱ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።