ከሦስት ጎረቤት የወፈረችው ሴት

እስቲ ቀና በሉና ያቺን ሴት እዩዋት። መሰላል ጫፍ ላይ ቆማ፣ ብሩሹን በጥርሷ ነክሳ የእህል መጋዘኑን ግድግዳ በክንዷ የምትለካዋን። ከተማው «መሰላል» ይላታል፤ ቁመቷም መሰላል፣ ውሎዋም መሰላል ላይ ነው። ባሏ ጎሚስታ ነው። እሱ ጎማ እየለጠፈ፣ እሷ ማስታወቂያ እየሣለች ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ። ቤቱን ያቆመው ግን የመንግሥት ግድግዳ ነው። የማስታወቂያ ጽሕፈት ቤቱ ኮንትራት ከቀረ፣ የባሏ ጎማ ብቻውን ያንን ቤት አይገፋም።

መሰላል አንድ አመል አላት፤ ፊት ከጭንቅላቷ አውጥታ አትሥልም። ከሰል ይዛ ሰው መሃል ትገባና የሕያው ሰው ፊት ትወስዳለች። ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሚስቀው ሰውዬ ልብስ ሰፊው ነው። ጥርስ ሐኪሙ ጋ አፏን የከፈተችው የባንኩ ጥበቃ ናት። አዲስ ሥዕል በወጣ ቁጥር ከተማው «ደግሞ ማንን ሰቀለች?» እያለ ይሰበሰባል።

ያን ሰሞን ጥናት ወጣ ተባለ። የእኛና የሦስት ጎረቤት አገሮች የምግብ ዋስትና ተወዳድሮ አንደኛ ወጣን። መጋዘን ውስጥ ያለው፣ ከማሳ የሚታፈሰው፣ ሁሉም ተደመረ። እህሉ ከመጋዘን ወጥቶ ማን አፍ እንደገባ ግን የጠየቀ የለም። ምን ያደርግላቸዋል!

የማስታወቂያ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መሰላልን አስጠራት።

«አራት አገር፣ አራት ሴት ትሥያለሽ። የእኛዋ ሞላ፣ ደልደል ትበል። ሌሎቹን ከሳ አድርጊያቸው። የአገሩን ስም ከሥር ትጽፊያለሽ።»

«ይቻላል ጌታዬ» አለች። እውነትም የሚቻል መስሏት ነበር።

ለከሲታዎቹ አልደከመችም። መጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው የዱቄት ሰልፍ ሦስቱን በአንድ ጠዋት ጨረሰች። ደልዳላዋ ግን ጠፋች። ሰልፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አየችው።

«ምን ጠፋብሽ?» አለቻት አንዷ ተሰላፊ።

«ጉንጭ።»

«አይ እህቴ፣ እሱንማ እኛም እየፈለግነው ነው!»

ሰልፉ በሳቅ ተንጫጫ፤ ተራውን የለቀቀ ግን አልነበረም።

ቤቷ ስትገባ የወንድሟ ሚስት መጥታ ጠበቀቻት። ከወንዙ ማዶ፣ በጥናቱ አራተኛ ከወጣው አገር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። በየጊዜው ከመንደሯ ዱቄት ተሸክማ ትመጣለች፤ ገሚሱን ለእነመሰላል ትሰጣለች፣ ገሚሱን ለሰፈሩ ትሸጣለች። ወዲያ ማዶም የተራበ ሞልቷል፣ ራሷ ትናገራለች፤ የእሷ መንደር ግን ዘንድሮ ቀንቶታል። ጉንጯ እንደ አዲስ ትራስ ሞልቷል።

«እህት ዓለም፣ ንቅንቅ እንዳትዪ!» ብላ መሰላል ከሰሏን አወጣች። ፊት ተገኘ፣ አለቀ። የማን አገር ፊት እንደሆነ ልብም አላለች።

የምርቃቱ ቀን መጋረጃው ሲወርድ መጀመሪያ ጭብጨባ ነበር። ከዚያ ከሰልፉ አንዷ ጮኸች።

«ውይ! ይቺ የማዶዋ ዱቄት አምጪያችን አይደለችም እንዴ?»

«እኔንስ እዩኝ!» አለች ሌላዋ፤ «አራተኛ አገር አድርጋኛለች! የተወለድኩት እዚሁ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ!»

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኃላፊው መሰላልን ክንዷን ይዞ ጎተታት።

«ጉንጩን አሁኑኑ ከእኛ ሰው ትወስጃለሽ!»

«ያምጡልኝ፤ እሥላለሁ።»

«ባለቤቴ አለችልሽ።»

«ደስ ይለኛል። ግን ሰው ማን ናት ማለቱ አይቀርም። ከሥሯ ‹የኃላፊው ሚስት› ብዬ እጽፋለሁ።»

ሰውየው ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ኮንትራትሽን አስቢ። ልጆች አሉሽ።»

መሰላል ግድግዳውን ቀና ብላ አየችው። ሦስቱም ከሲታዎች የሰፈሯ ሰዎች ናቸው፤ አንዷማ ልጇን ያዋለደቻት ናት። ያኔ የሣለችው ውሸት መሆኑን ልብ ሳትል ነበር። አሁን ግን አወቀች።

«አልሥልም! እንቢ የምለውም ልጆች ስላሉኝ ነው» አለች፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ። «የሚበሉት ዱቄት ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ። እናታቸው ግድግዳ ላይ ስትዋሽ ቢያዩ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

በማግስቱ ሁለት የቀን ሠራተኞች ግድግዳውን ኖራ ቀቡት። ኮንትራቱም አብሮ ተቀባ።

«ደግ አደረግሽ» አላት ባሏ። የሚለጥፈውን ጎማ አስቀመጠና፣ «ደግ አደረግሽ፣ ግን ምን ልንበላ ነው?»

«ከአራተኛው አገር የመጣውን!»

ሁለቱም ሳቁ። ዱቄቱ ግን ለልጆቹ ሆድ እንጂ ለጫማቸውና ለቤት ኪራዩ አይሆንም።

አንደኛ ወጣን ይሉናል። ጎረቤት ስለከሳ የእኛ ሆድ ሞላ ማለት ነው? ከሲታ ቆጥሮ መመጻደቅስ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው? መሰላል ይህን ሁሉ አልተናገረችም፤ አልሥልም ብቻ ነው ያለችው። ለዚያም ከፈለች።

አሁን ሥራ ትፈልጋለች። የሱቅ በር፣ የግቢ አጥር፣ የጋራዥ ግድግዳ ያላችሁ፣ ኃላፊው ያኮርፈኛል ብላችሁ አትሽሹ። ጥሯት።