መርዶ ነጋሪዋ ተማሪ

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከጎንደር ወገን ተሰደው ስለመጡ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ዓረብኛ እናገራለሁ። ነርሲንግ ስማር ለልምምድ የተመደብሁበት ሆስፒታል ይህን እንዳወቀ መርዶ ነጋሪ አደረገኝ።

የመጀመሪያው ሟች ቁረይሻ በሚባል አካባቢ እርሻ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ እባብ የነደፈው ሰውዬ ነበር። ሐኪሙ ሰውዬው ከተኛበት ክፍል ወጣና ስልኩን እያየ፣ «አልተረፈም። ሚስቱ ውጭ ናት፤ ቋንቋዋን የምታውቂ አንቺ ነሽ። ንገሪያትና ነይ» አለኝ።

በእኛ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ይዘጋጃል። እኔ ግን ብቻዬን ኮሪደር ላይ ቆሜ አረዳኋት። ሴትዮዋ ጋውኔን ጨምድዳ ይዛ፣ «የመርዙን መድኃኒት ሰጥታችሁት ነበር?» አለችኝ። አላውቅም። ሲታከም አልነበርሁም።

እያለቀስሁ ለተቆጣጣሪያችን ለሲስተር ብነግራት፣ «አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ ትለምጂዋለሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የአገሬ ሰው በሞተ ቁጥር እኔ ተጠራሁ። እንቅልፌ ጠፋ፤ እህል አልወርድ አለኝ። ስለ ጭንቀት ሥልጠና ሲሰጡንም፣ በረጅሙ ተንፍሱ አሉን። ትንፋሽ መች አጣሁና! ያጣሁት አብሮኝ የሚቆም ሰው ነው።

አንድ ቀን ከቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ሕፃን ልጇን ታቅፋ የመጣች እናት ነበረች። ልጁ ሞተ። ያው ሐኪም፣ «ንገሪያት» አለኝ።

«ዱክቱር፣ እርስዎም ይምጡ። እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«እኔ ተማሪ ነኝ። ያከሙት እርስዎ ነዎት።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ከቆምሁበት አልተነቃነቅሁም። በመጨረሻ እየተነጫነጨ ተከተለኝና አግዳሚው ላይ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠ። እሱ ተናገረ፣ እኔ አስተረጎምሁ። ብዙ አልቅሳ ሲያበቃ፣ «ሲሞት አመመው?» ብላ ጠየቀችው። ሐኪሙ ስልኩን ኪሱ ከተተና ቀስ ብሎ መለሰላት፤ ራሱን ስቶ እንደነበር፣ እንዳልተሠቃየ።

በማግስቱ «አለቃ አትሰማም» ተብዬ ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ተባረርሁ። በእኔ ቦታ ትግርኛ የምትናገር አብራኝ የምትማር ልጅ አዘዙ። ንዴት አንገበገበኝ። ምሳ ሰዓት ይዣት ወጣሁና፣ «ብቻሽን እንዳትሄጂ፤ ሐኪሙ ካልመጣ እምቢ በይ» አልኋት።

«ውጤቴን ቢቀንሱብኝስ?»

«የእኔንም ቀንሰዋል። አብረን እንጮኻለን።»

በሳምንቱ ሐኪሙን አስከትላ በኮሪደሩ ስታልፍ አየኋት። ሲስተር፣ «ልጂቱን ያበላሸሻት አንቺ ነሽ» ስትል ተቆጣችኝ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኋት።