ዘይነባን የቀደምኩበት ቅዳሜ

ሰሞኑን ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ ሳልፍ የግራሶ ሽታ መጣብኝና ባቴ ተኮማተረ። ለማለት ያህል አይደለም፤ የምር ተኮማትሮብኝ እስኪለቀኝ ድረስ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። የስንቱን የክፍል ጓደኛዬን ስም ረስቻለሁ። እግሬ ግን የዘቢዳርን ዳገት ከነመታጠፊያዎቹ ይዞት ቀርቷል።

ያደግኩት ቡታጅራ ነው። አባቴ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ስለነበር የምንኖረው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በኪራይ ቤት ነበር። የበርበሬ ወቅት ሲደርስ ከመስቃን ገጠር በጋሪ የሚገባው በርበሬ በየግቢው ይሰጣና ከተማው በሙሉ ያስነጥሰዋል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ጉም የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጠረን ይዞ እስከ መኝታችን ይገባል። የዚያን ዘመን ልጅ ከሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ባጃጁ ገና ጥቂት ነበር፣ አስፋልቱም ከመኪና ይልቅ የልጆችና የፍየሎች ነበር።

ሁለቱ ብስክሌቶች ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ጎማቸው የቀጠነ፣ መሪያቸው እንደ ሙክት ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ እኛ ኮርሳ የምንላቸው ዓይነት ነበሩ። አንዷ ቀይ ናት፤ በአንድ እጅ ብድግ የምትል። ሌላዋ አረንጓዴ ስትሆን ከባድ ነበረች፣ ማርሿም ከባዱ ላይ ተነክሶ ቀርቷል። ያመጣቸው የስፖርት አስተማሪያችን ሙላት ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ይወዳደር እንደነበር ይወራል፤ ለምን እንዳቆመ ደፍሮ የጠየቀው የለም። ክፍል ገብቶ ሴቶቹን በሙሉ አስነሳና በሬ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያችንን እየዞረ እግራችንን ካየ በኋላ፣ "አንቺ" እና "አንቺ" ብሎ ሁለታችንን ጠቆመን። አንደኛዋ እኔ ነበርኩ፣ ሌላዋ ዘይነባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ "መምህር" ማለት ቀርቶ "አሰልጣኝ" እንድንለው አዘዘን።

ዘይነባ የመስቃን ገበሬ ልጅ ናት። ጠዋት ጠዋት ከገጠር በእግሯ ትመጣለች፣ ቀን ከቀናት በርበሬ የጫነ ጋሪ ላይ ትቀመጣለች። አማርኛዋ ውስጥ ጉራጊኛው ይሰማል፤ ልጆች ሲያፌዙባት አብራ ትስቅና የነሱን አነጋገር መልሳ ታስመስልባቸዋለች። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ቆጮ ታመጣለች፣ እኔ ዳቦ አመጣለሁ፣ እንለዋወጣለን። ከሷ በፊት ጓደኛ አልነበረኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

የአሰልጣኙ ሕግ ለመረዳት አያስቸግርም። ቅዳሜ ዳገቱን ቀድማ የወጣች ሳምንቱን ቀይዋን ትነዳለች፤ የተቀደመች አረንጓዴዋን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ዘይነባ ቀደመች። ከዚያ በኋላማ ቀይዋ በእጇ ስለሆነች በሚቀጥለውም ቀደመች፣ በሚቀጥለውም። ወሩን ሙሉ፣ ከዚያም ዓመቱን ሙሉ፣ እኔ የዚያችን አረንጓዴ ፔዳል በሙሉ ክብደቴ ቆሜ ስረግጥ ከረምኩ።

ዳገቱ ከከተማው በስተ ምዕራብ ተነስቶ ወደ ዘቢዳር ተራራ የሚወጣው ነው። ከታች ሲያዩት ያን ያህል አያስፈራም። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ግን አፍ ይደርቃል፣ ሦስተኛው ላይ ምራቅ ብረት ብረት ይላል። አሰልጣኙ የባሕር ዛፍ አርጩሜ ይዞ በሞተር ሳይክል ከኋላችን ይመጣል። ፍጥነታችን ሲቀንስ የኋላ ጎማችንን በአርጩሜው ይመታል፤ አንዳንዴ ጎማውን ይስትና ባታችንን ያገኛል። እግሯ መሬት የነካች ልጅ ከታች ጀምራ እንደገና ትወጣለች። አንድ ቅዳሜ በዝናብ ሚዛኔን ስቼ እግሬ መሬት ነካ። "ውረጂ" አለኝ። ወረድኩ፣ ወጣሁ፤ ከላይ ስደርስ እጆቼ ከመሪው አልላቀቅ ብለውኝ ዘይነባ ናት ጣቶቼን አንድ በአንድ የፈታችልኝ።

"ወደ ላይ አትይ" አለችኝ በጆሮዬ። "የፊት ጎማሽን ብቻ እይ። እኔ እንደሱ ነው የምወጣው።"

አሰልጣኙ ይሄን ሲያይ ተቆጣ። "እናንተ ተፎካካሪዎች ናችሁ!" አለ። ከዚያ ወዲያ ልምምድ ላይ እንዳንነጋገር ከለከለን። ቆጮና ዳቦውንም ለየብቻ እንድንበላ አዘዘ፤ አንዳችንን ከግድግዳው በወዲህ፣ አንዳችንን በወዲያ አስቀምጦ።

ለምን እንደመረጠኝ ያወቅኩት በድንገት ነው። የአባቴን ጃንጥላ ልወስድ ወደ መምህራን ክፍል ስሄድ ከበሩ ውጭ የአሰልጣኙን ድምፅ ሰማሁ። አንድ መምህር ነው የጠየቀው።

"ዘይነባስ እሺ፣ ያቺ የጋሽ አድማሱ ልጅ ግን ምን ትሆንልሃለች?"

"ሰብለ? እሷማ አሯሯጭ ናት። ዘይነባ ብቻዋን ስትሆን ትሰንፋለች፤ ከኋላዋ የሚያለከልክ ነገር ያስፈልጋታል።"

ጃንጥላውን ሳልወስድ ተመለስኩ። ለቤተሰቤም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? አባቴ ማታ ማታ እግሬን በለብ ያለ ውሃና በጨው እያስዘፈዘፈ፣ "አዋሳ ስትሄጂ ሐይቁን አይተሽ ትነግሪኛለሽ" ይለኝ ነበር። እሱም አይቶት አያውቅም። አዋሳ የሚካሄድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር፤ ከኛ ትምህርት ቤት የምትሄደው ደግሞ አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

አዋሳ የምትሄደውን ለመምረጥ ዳገቱን የምንወጣበት ቅዳሜ ረመዳን ላይ ዋለ። ዘይነባ በዚያ ዓመት ሙሉ ጾም መጾም ጀምራለች። አሰልጣኙ ይሄን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ውድድሩን ጠዋት ማድረግ እየቻለ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም አስነሳን። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ምናልባት ሊፈትናት ፈልጎ ይሆናል።

እንደ ወትሮው ተፈትልካ ወጣች። እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ የማየው ጀርባዋን ብቻ ነበር፤ ነጭ ሻሽዋን ከቆቡ ሥር ጠበቅ አድርጋ አስራዋለች። ሦስተኛው ላይ ያ ጀርባ እየቀረበ መጣ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጎን ለጎን ስንሆን ዞር ብላ አየችኝ። ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ነጭ አረፋ ደርቋል።

"ሂጂ" አለችኝ። "ሂጂ ሰብልዬ።"

ሄድኩ። በዚያች ከባድ አረንጓዴ ብስክሌት ሄድኩ። ከኋላዬ አርጩሜው ጎማ ሲመታ ይሰማኛል፤ የሚመታው የኔን አልነበረም። መንገዱ ከፊቴ ባዶ ሆኖ ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። የማንም ጀርባ የለም፣ አስፋልቱና ሰማዩ ብቻ። ከላይ ስደርስ ወርጄ ብስክሌቷን ሣሩ ላይ አጋደምኳትና ቁልቁል ስመለከት ቡታጅራ ከነቆርቆሮዋ ታበራለች፤ ከዚያ ወዲያ እስከ እንሴኖና ቆሼ ድረስ ሜዳው ተዘርግቷል። ትንፋሼ ቢቆራረጥም እየሳቅኩ ነበር።

አሰልጣኙ ዘይነባን አልፎ ደረሰ። ሞተሩን አጠፋ። አንድ ጊዜ እንኳ አላየኝም፤ እንደ ምሰሶ አልፎኝ ወደ መንገዱ ዞሮ ጠበቀ። ዘይነባ እየተንገዳገደች ስትመጣ የቀይዋን መሪ ይዞ አስቆማት።

"በዚች?" አላት በጣቱ እኔን እያሳየ። "በዚች ተበለጥሽ? እኔ ላንቺ ፀሐይ ስጠጣ የኖርኩት በዚች በማትረባ ልትቀደሚ ነው?"

መልስ ሳይጠብቅ ከሞተሩ ላይ የውሃ ኮዳ አወረደና ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት።

"ጠጪ።"

"ጾም ነኝ አሰልጣኝ።"

"ዳገቱ ጾምሽን አያውቅም። ጠጪ!"

ራሷን ነቀነቀች። ፈገግ አለ፤ ከዚያም ዓይኗ እያየ ውሃውን ቀስ አድርጎ አስፋልቱ ላይ አፈሰሰው። ውሃው ወደ ጫማዋ ወረደ፣ ሽታው ሳይቀር ይሰማል።

"እንግዲያው ውረጂ። ከታች ጀምረሽ ትወጫለሽ።"

"እኔም አብሬያት ልውረድ" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

ያን ጊዜ አየኝ። "አንቺ ጨርሰሻል" አለ።

ዘይነባ ወረደች፣ እሱም ተከትሏት ወረደ። ከላይ ብቻዬን ቀርቼ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሲመለሱ መጀመሪያ የተሰማኝ የሞተሩ ድምፅ ነው፤ ቀርፋፋ፣ እንደ ቀብር መኪና። ከዚያ ታየች። ፔዳሉን ስትረግጥ ራሷ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። አንድ ቦታ ላይ አንገቷን ወደ ጎን አድርጋ አስመለሳት፤ ከሆዷ ቢጫ ውሃ ብቻ ወጣ። እግሯ ግን መሬት አልነካም። አርጩሜው አሁን ጎማ እየሳተ አልነበረም፤ የሚያርፈው ባቷ ላይ ነው። ባቷ ሰንበር በሰንበር ሆኖ አየሁት። ከላይ ስትደርስ ከነብስክሌቷ በጎኗ ወደቀች።

አሰልጣኙ ሰዓቱን አየና ተደሰተ። ቁጢጥ ብሎ ግንባሯን ዳበሳት። "አየሽ? ትችያለሽ እኮ። አዋሳ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።"

"የቀደምኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

ቀና እንኳ አላለም። "አንቺ የቀደምሽው ዘይነባን አይደለም። የቀደምሽው ረሃቧን ነው።"

ዘይነባ ጉንጯ አስፋልቱ ላይ እንደተለጠፈ ታየኝ ነበር። አንድ ቃል ትናገርልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ዓይኗን ጨፈነች።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ጨዋማውን ውሃ ወደ ውጭ ደፋና፣ "አስተማሪ ያለ ምክንያት አይወስንም" አለ። እሱም አስተማሪ ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ አረንጓዴዋ ከዕቃ ቤቱ ጥግ በሰንሰለት ታስራ አገኘኋት። ዘይነባ እስከ ውድድሩ ድረስ ከወንዶቹ ጋር እንድትለማመድ ተወስኗል፤ እኔ አላስፈልግም። አዋሳ ሄዳ አሸነፈች። ከዚያ አዲስ አበባ ያለ ቡድን ወሰዳትና ለዓመታት ስሟን በሬዲዮ ብቻ ነበር የምሰማው። በሰማሁ ቁጥር ባቷ ይታየኛል።

ባለፈው ዓመት ለሠርግ ቡታጅራ ስሄድ ተገናኘን። ውድድር ካቆመች ቆይታለች፤ ከመናኸሪያው ማዶ የልብስ ሱቅ ከፍታለች። አቅፋኝ አልለቅ አለች። "አልሐምዱሊላህ፣ ሰብልዬ! አንቺን ያሳየኝ!" እያለች ወንበር ጎትታ አስቀመጠችኝ፣ ለስላሳ አስከፈተችልኝ። ስትራመድ አንድ ጉልበቷ ይከዳታል። የልጅነታችንን እያነሳን ስንስቅ፣ ስንስቅ ወሬው ወደ ሙላት መጣ። ማረፉን የነገረችኝ እሷ ናት።

"ቀብራቸው ላይ ነበርኩ" አለች። "እሳቸው ባይኖሩ እኔ ምን ነበርኩ? ዛሬም በርበሬ ስለቅም ታገኚኝ ነበር። እሳቸው ናቸው ሰው ያደረጉኝ።"

"እሳቸው" ስትል ደነገጥኩ። ያኔ ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ ሆነን ስናማው በስሙ እንጂ በ"እሳቸው" አንጠራውም ነበር።

"ያን የረመዳኑን ቅዳሜ ታስታውሺዋለሽ?" አልኳት። "ሁለቴ ያስወጣሽን፣ ውሃውን ያፈሰሰውን?"

"ኧረ ሁለቴ ማስወጣት ልማዳቸው ነበር!" ሳቀች። "ጥንካሬ እንዲሆነኝ ብለው ነው።"

"ያን ቀን እኮ ቀድሜሽ ነበር።"

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችኝ። ፊቷ ላይ ክፋት የለም፣ መሸሽም የለም፤ ከልቧ ለማስታወስ ሞከረች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ፤ ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ቀስ አድርጋ።

"አንቺ?" አለች። "ወላሂ ሰብልዬ፣ አንድም ቀን ቀድመሽኝ አታውቂም።"

በሩ ላይ ገበያተኛ መጥቶ ተጣራ። ልትነሳ ስትል ጉልበቷ አሻፈረኝ አለ፣ ትከሻዬን ተደግፋ ተነሳች። "ልክ ነሽ፣ ከሌላ ቀን ጋር አምታትቼው ነው" አልኳት።

ወደ ወልቂጤ የተመለስኩት በዚያው በተራራው መንገድ ነው። ያ መታጠፊያ ሁሉ በመኪና የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ስልኳን እየነካካች ቀና ሳትል አለፈችው። ድሮ የዚያን ቅዳሜ ነገር ለማንም ደጋግሜ አላወራም ነበር። ሰው አመነም አላመነም፣ ሁለታችን እናውቀዋለን ብዬ እጽናና ነበር። አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።