አባቴ አበጀን ያቀፈ ዕለት

ልጅ እያለሁ አባቴ አቅፎኝ አያውቅም። እኔን ብቻ ሳይሆን ማናችንንም። እስቴ ውስጥ፣ በእኛ መንደር፣ አባት በዓመት በዓል ልጁን ጉልበቱን አስሞ ይመርቃል፤ ከዚያ ያለፈው የእናት ሥራ ነበር። "ልጅ በልብ እንጂ በክንድ አይወደድም" ይሉ ነበር ወንድ አያቴ። አባቴ ከእርሻ ሲመለስ የበሬ ላብና የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ይገባል፤ በአጠገቡ ሳልፍ ያንን ሽታ በረጅሙ ስቤ አልፋለሁ። ለእኔ ያ በቂ ነበር፤ ሌላ ነገር መኖሩንም አላውቅም።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ሰባተኛ ክፍል ስማር የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ቀን "ከድል" የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

"ማቀፍ ማለት ነው?" አለች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

"ማቀፍማ ሀግ ነው" አለ መምህሩ። "ሀግ ሰላም ስትባባሉ ነው፤ አቅፋችሁ ትለቃላችሁ። ከድል ግን የሚወዱትን ሰው ወደ ደረት አስጠግቶ፣ ሳይለቁ መቆየት ነው። እናት ሕፃኗን እንደምታደርገው።"

አንዱ ከኋላ "አባትስ ቲቸር?" ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም ሳቀ። "አባትም ይሆናል፤ ቃሉ ወንድ ሴት አይልም" አለና ዐረፍተ ነገር ሠርተን እንድንመጣ አዘዘን።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ አበጀ ታመመ። ገና መሮጥ የጀመረ፣ ዶሮ ሲያባርር የሚውል ልጅ ነበር። የኅዳር ብርድ ያመጣው ሳል ወደ ትኩሳት ተለወጠና ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋ ጀመር። ጸበል ተጠመቀ፤ አልተሻለውም። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ደብረ ታቦር ሆስፒታል አድርሱት አሉን። እናቴ አራስ ስለነበረች ከአባቴ ጋር እኔ ሄድኩ፤ እሱ ማንበብ አይችልም። እዚያ ጥቂት ሰነበትን። ሐኪሟ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። አንድ ጠዋት አባቴ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ የአበጀ ትንፋሽ ቆሞ ነበር። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ የተኛ መስሎኝ ነበር።

አስከሬን ለመውሰድ መኪና ለብቻ መከራየት ያስፈልጋል፤ አቅማችን አልነበረም። የሕዝብ አውቶቡስ ደግሞ ሬሳ አያሳፍርም። አባቴ ልጁን በጋቢው ጠቀለለው፤ ፊቱን ወደ ደረቱ አዞረና አቀፈው።

"ማንም ቢጠይቅሽ ተኝቷል በይ" አለኝ። "እንዳታለቅሺ።"

አውቶቡሱ ውስጥ ከጎናችን ጠና ያለች ሴት ተቀምጣ ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር አባቴ የአበጀን ጭንቅላት በመዳፉ ይደግፋል። እንዲህ ሆነን ብዙ ከሄድን በኋላ ሴትዮዋ፣ "ደከመዎት እኮ ወንድሜ፤ ልጁን ትንሽ ልያዝልዎት" አለችው።

"ተኝቷል፤ እንዳይነቃ" አላት።

ከጋቢው የወጣውን የአበጀን እግር ልትሸፍን እጇን ሰደደች። ስትነካው እጇ እዚያው ቀረ። አባቴን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ እግሩን በቀስታ ሸፈነችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ኋላ ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ መጥቶ፣ "ልጁ ምን ሆኖ ነው፣ አመመው?" ሲል ቀድማ የመለሰችለት እሷ ነበረች።

"የወንድሜ ልጅ ነው። ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ አሁን ገና መተኛቱ ነው፤ ተወው።"

ረዳቱ አለፈ። መካነ ኢየሱስ ስንደርስ አብራን ወረደች። ከአውቶቡሱ ራቅ ስንል፣ "አሁን አልቅሺ ልጄ" አለችኝ። ስሟን እንኳ ሳንጠይቃት ቀረን።

ከዚያ እስከ መንደራችን በእግር ነው። በመንገድ ያገኘን ሁሉ ልሸከምልህ ቢለው አባቴ እምቢ አለ። እናቴ ደጃፍ ላይ እጇን ዘረጋች። ሊሰጣት ፈለገ፤ ክንዶቹ ግን አልፈታ አሉት። ጎረቤቶች ናቸው ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቁለት። አበጀን በዚያው ዕለት ቀበርነው።

ትምህርት ቤት ስመለስ መምህሩ የቤት ሥራውን ጠየቀኝ። ተነሥቼ፣ አባቴ ወንድሜን አውቶቡስ ውስጥ ከድል እንዳደረገው በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። ክፍሉ ሳቀ። "ትክክል ነው፤ ተቀመጪ" አለኝ መምህሩ። ተቀመጥኩ።

ዛሬ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ባሌ ልጃችንን አቅፎ ሱቅ ይሄዳል፤ አቅፎ ስልክ ያወራል፤ ማንም አይስቅበትም። እኔ መኖሩን ያላወቅሁትን ልጄ ጠግባዋለች። ዘመኑ በዚህስ ተሻለ እላለሁ።

ባለፈው ፋሲካ መንደር ይዣት ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል፤ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ልጄ ስትሯሯጥ ውላ ሲደክማት ሄዳ ደረቱ ላይ ተለጠፈች። ሳያስበው ክንዱን አዞረባት። ከሩቅ ሳያቸው ደስ አለኝ፤ አልተጠጋሁም። ጥቂት ቆይቶ ጠራኝ።

"ነይ ውሰጃት።"

"ተኝታ የለ እንዴ አባዬ፤ ትንሽ ትቆይ" አልኩት።

ጭንቅላቷን በመዳፉ ደግፎ ያያታል።

"ቀስቅሻት" አለኝ። "ዓይኗን ስትገልጥ ልያት።"