የስፌት ትርፍ ያለው ቤት

ልብስ ሰፊ ቤት አይሠራም የሚል ሕግ የለም። ሜትሮ ሥራውን ሲጀምር ግን ከራሱ በቀር ይሆንለታል ብሎ ያመነ ሰው አልነበረም። «ሜትሮ» ያሉት መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ነው፤ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሊጠይቅ ሲሄድ እንኳ እንደተንጠለጠለ ነው። ኮት ሲሰፋ እጁ ያስቀናል። ምስማር ሲመታ ግን የሚመታው አውራ ጣቱን ነው።

ነገሩ የመጣው አከራያቸው «ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ» ባሉ ጊዜ ነው። እሱና ባለቤቱ ከተጋቡ ጀምሮ የኖሩት እዚያች ሁለት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኝታ። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትጠልፋለች። ሌላ ቤት ቢያጠያይቁ ኪራዩ የሚቀመስ አልሆነም። ያላቸው ነገር ቢኖር ከከተማው ወጣ ብሎ ሜትሮ ከአባቱ የወረሰው ተዳፋት መሬት ነበር፤ ሣር እንጂ ሌላ በቅሎበት አያውቅም።

«እዚያ ቤት እሠራለሁ» አለ።

«ማነው የሚሠራው?» አለች ባለቤቱ።

«እኔ ነኛ!»

መርፌዋን አስቀምጣ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሳቋ ቢመጣባትም ዋጠችው።

ሰውየው ሐሳቡን ያመጣው ከሰማይ አይደለም። አንድ ጊዜ ለአንድ እርሻ የሠራተኛ ልብስ ሊያደርስ ሄዶ ዝናብ ይዞት ድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ተጠልሎ ነበር። ከዳር እስከ ዳር አንድ አዳራሽ፣ ሽቅብ ሲያዩት አንገት የሚያሳምም ጣሪያ፣ መኪና የሚያስገባ ባለ ሁለት ተካፋች በር። ሌላው የተጠለለ ሰው ዝናቡ እስኪያባራ ወሬውን ሲሰልቅ እሱ ግድግዳውን ይለካ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ጣጣ የለውም፤ ቋሚ መትከል፣ ማገር መምታት፣ ቆርቆሮ ማልበስ ነው። ንድፉንም በልብስ መቁረጫ ወረቀት ላይ አወጣው፤ ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለት ጎን። በመቀስ ቆራርጦ፣ በስፒል አያይዞ ጠረጴዛው ላይ አቆመላት።

«ይሄማ በረት ነው» አለችው። «ከብት የለን፣ ማንን ልታስርበት ነው?»

«ሰፊ ነው። አየር እንደ ልብ ነው።»

«ሜዳም ላይ አየር እንደ ልብ ነው።»

ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ እጅ ሰጠች፤ ግን ባዶ እጇን አይደለም። «እሺ፣ ሥራው። እኔ እህቴ ጋ እቆያለሁ። የማያፈስ፣ የማይንጋደድ፣ የሰው ቤት ሆኖ ካየሁት እመጣለሁ። በረት ሆኖ ካገኘሁት ግን እዚያው እህቴ ጋ ነኝ። አንተም ከከብቶችህ ጋር።» አባባሏ ቀልድ ይመስላል። ዓይኗ ውስጥ ግን ቀልድ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ከተጋቡ ወዲህ ተለያይተው አድረው አያውቁም።

ሜትሮ መሬቱ ላይ ድንኳን ተክሎ ሥራውን ጀመረ። ጉድጓድ ቆፈረ፤ የቋሚዎቹን እግር ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ቀባ፤ ዙሪያውን ድንጋይ ጠቀጠቀ። ከማዶ የሚኖረው አናጺ ቱንቢ አውሶት ቋሚዎቹን ቀጥ አድርጎ እንዴት እንደሚያቆም አሳየው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተማሪ ነበር። መዳፉ ቆሰለ፣ ወገቡ ተቆረጠ፣ ግን ቤቱ ሽቅብ ማለቱን አላቆመም። ማታ ማታ ስልክ ይደውላል።

«እንዴት ነሽ?»

«ተመችቶኛል። ቤቱስ?»

«እየደረሰ ነው።»

ጉዱ የወጣው ጣሪያው ቆርቆሮ ሲለብስ ነው። ከታች ከጠርዙ ጀምሮ እየመታ ወጣ፤ በዚህኛው ጎን ወጣ፣ በዚያኛው ጎን ወጣ፤ አናቱ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ጎኖች አልተገናኙም። ስንዝር ያህል ሰማይ በመሃላቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከላይ ለመክደኛ የተገዛው ቆርቆሮ እንኳ አልደረሰለትም። ወርዶ ለካ፣ ወጥቶ ለካ። ያኔ ነው ስሕተቱ የታየው። ቆርቆሮውን ያዘዘው በወረቀቱ ልክ ነው። የጣሪያውን እንጨት ሲቆርጥ ግን እጁ እንደለመደው በእያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ሦስት ጣት ጨምሯል፤ ለስፌት ትርፍ። ዕድሜ ልኩን ያለ ትርፍ ቆርጦ አያውቅም። ጨርቅ ሲሆን ትርፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እንጨት የት ይታጠፋል?

አናጺው ነገሩ ሲገባው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሬት ላይ ዘጭ አለ። «ጋሼ፣ ትርፍ የተዉለት ምን ሊሆን ነው? ቤቱ ይወፍራል ብለው ነው?»

ሜትሮ አልሳቀም። ክፍተቱ ላይ ሸራ ወጥሮ ወረደና ከዚያ በኋላ ሽቅብ ማየት ተወ። ሽቅብ ካላዩ የቀረው ሥራ ሞልቷል። ወለሉን በሲሚንቶ ለሰነ፣ ግድግዳውን ከውስጥ በጣውላ አለበሰ፣ ትልቁን በር ሰቀለ፣ ለእሷ የክርና የቁልፍ መደርደሪያ ሠራ፣ መደርደሪያውን ሁለቴ ቀለም ቀባው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሸራው እየተንጓጓ ያሳብቅበታል። በስልክ «ጣሪያውስ?» ስትለው «ጣሪያው እየደረሰ ነው» ይላል። በዚህች ስንዝር ሚስቴን ላጣት ነው ብሎ ግን ከልቡ ፈርቷል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ደመናው ከማዶ ክምር ብሎ ሲመጣ፣ ሸራው ተቀደደ። ሜትሮ ጣሪያው አናት ላይ ግራና ቀኝ እግሩን አንፈራጦ ከሸራው ጋር ሲታገል አንዲት የጭነት መኪና ከታች ቆመች። ባለቤቱ የልብስ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። ለእህቷ «አይቼው እመለሳለሁ» ብላ ነው የወጣችው።

ቀና ብላ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ሰውዬ፣ ውረድ።»

ወረደ። ሊዋሽ አፉን ከፈተና አቃተው። ትርፉን፣ ክፍተቱን፣ ሸራውን፣ የስልኩን ውሸት አንድ ሳያስቀር ነገራት። «ብትመለሺም አልቀየምሽም» አለ። ይህ ደግሞ ሌላ ውሸት ነበር።

እሷ ወደ ውስጥ ገባች። ግድግዳውን ዳበሰች፣ መደርደሪያው ፊት ቆመች፣ ከዚያ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለችና ታለቅስ ጀመር። ሜትሮ አበቃልኝ አለ።

«እኔም ዋሽቼሃለሁ» አለችው። «ምን ተመችቶኝ! መስኮት ለመክፈት ማስፈቀድ ሰለቸኝ። ከሻይዬ ሳልጠግብ ብርጭቆውን ተሻምቼ አጥባለሁ። እህቴ ምንም አላጎደለችብኝም፤ ግን እንግዳ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንግዳ ሆንኩ። አንተ ደግሞ እየደረሰ ነው፣ እየደረሰ ነው ትለኛለህ፤ መቼ ነው የሚደርሰው እያልኩ አለቅኩ እኮ!»

ሜትሮ ይህን ሲሰማ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳለት ያህል ተነፈሰ። «እና... በረት አይመስልም?» አላት።

«ይመስላል» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «የሚያምር በረት ነው። አሁን ንገረኝ፣ ጨርቅ ሲያጥርብህ ምን ታደርጋለህ?»

«መሃሉ ላይ ቁራጭ እቀጥላለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ደመናው አይታይህም?»

አናጺው ከአንድ በር የተረፈ ላሜራ ነበረው። ክፍተቱን እሷ ራሷ በወረቀት አወጣችው፤ አናጺውም በዚያ ልክ ላሜራውን ቆርጦ ግንድ ላይ እየቀጠቀጠ አጠፈው። «ጋሼ፣ ትርፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እንደ ልብዎ ይተዉ» አለ። ሁለቱ ወንዶች ጣሪያው ላይ ወጡ፤ እሷ ከመሰላሉ ላይ ሆና ባለ ጎማውን ምስማር ታቀብላለች፤ «እዚያ ጋ ላላ ብሏል፣ ድገመው» እያለችም ታዛለች። የመጨረሻው ምስማር ሲመታ የመጀመሪያው ጠብታ የሜትሮ በራ ራስ ላይ አረፈ። ከጣሪያው እንዴት እንደወረደ እሱም አያስታውሰውም።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ አልቀለደም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መደማመጥ እስኪያቅት ድረስ ጮኸ። ሦስቱም ከላሜራው ሥር ቆመው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ጠበቁ። ሜትሮ ወለሉን በእጁ ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። ቦታ ቀይሮ ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። አናጺው «እስካሁን ካላፈሰ ከእንግዲህ አያፈስም» ብሎ በሩ ሥር ቁጭ አለ።

የባለቤቱ ስልክ የጮኸው ይሄኔ ነው። እህቷ ነበረች፤ ከዝናቡ ድምፅ በላይ ትጮሃለች። «እትዬ፣ በዚህ ዝናብ እንዳትመጪ! እዚያው እደሪና ነገ ወደ ቤት ትመለሻለሽ!»

«ወዴት ነው የምመለሰው?» አለች እሷም እየጮኸች። «ቤቴ ነኝ እኮ!»

ሜትሮ ሰማ። የቀረውን ምስማር የሚለቅም መስሎ ወደ ጥግ ሄደና ፊቱን ወደ ጣውላው አዞረ።