ማክሰኞ ማክሰኞ ከቄራ የሚመጡት ሰው

አዛውንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ በህንድ አገር ካለችው የባሬሊ ከተማ ቄራ የጎሽ ማህፀን በበረዶ ሣጥን ይዘው ይመጣሉ። እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው፣ ሣጥኑን በአንገት ልብሳቸው ሸፍነው ነው ወደ ላቦራቶሪው የሚገቡት። ተመራማሪዋ ኢንዱማቲ ሁለት ዓመት ሙሉ ስማቸውን ጠይቃቸው አታውቅም፤ አባባ ትላቸዋለች።

ዛሬ ሣጥኑን አስረክበው አልሄዱም።

«ልጄ፣ ለመሆኑ እዚህ ውስጥ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

ከማይክሮስኮፑ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችላቸው።

«ቡናማ ነጠብጣቦቹ ይታዩዎታል? የሆርሞን ተቀባዮች ናቸው። ሆርሞኑ በደም ይመጣል። እነሱ ከሌሉ ግን ማህፀኑ የሆርሞኑን መምጣትም አያውቅም፤ ጎሿም አታረግዝም።»

«ጎሿ ምን ብታጠፋ ነው የሚጠፉት?»

«ምንም አላጠፋችም፣ አባባ። አንዳንዴ እንዲሁ ነው።»

ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አነሡ። ከዚያ ነጭ ቆባቸውን አስተካከሉ።

«ነገ ባለቤቴን ይዣት ብመጣ ታሳያታለሽ?»

«ምን ችግር አለው? ጎሽ ታረባለች እንዴ?»

«የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጅ ስጠኝ ብላ ያልተሳለችበት የቅዱስ ሰው፣ የወልይ መቃብር የለም። ዛሬም ምን አጥፍቼ ይሆን ትላለች።» አንገት ልብሳቸውን ከሣጥኑ ላይ አንሥተው ቀስ ብለው አጠፉት። «ያንን ‹ምንም አላጠፋችም› ያልሽኝን ለሷም ንገሪያት። እኔ ስላት ላጽናናት ብዬ ይመስላታል።»